ጣናን በሕዝብ ጀልባ

አርብ፣ ኅዳር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ባሕር ዳር ሲያደርሰን ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት፣ የደብረ ማርቆስን የጥድፊያ ምሳ፣ የእንጅባራን ብርድ እዚህ አልተርክም፤ መንገዱን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ትልቁን ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ስወርድ የባጃጅ ሾፌሮች በእንግሊዝኛ ተጣሩብኝ። አንደኛው ቀረብ ብሎ ፊቴን ሲያይ አፈረና "ይቅርታ እህቴ፣ ቦርሳው ነው ያሳሳተኝ" አለ።

ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ፣ መታጠቢያው የጋራ በሆነ ፔንሲዮን አልጋ ያዝኩ። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት መታወቂያዬን ተቀብሎ እጁን እንደዘረጋ ቆየ።

"የሁለተኛው ሰውስ?"

"ሁለተኛ ሰው የለም።"

"ማታ ነው የሚመጣው?"

"አይመጣም። ብቻዬን ነኝ።"

መዝገቡ ላይ "የመጡበት ምክንያት" የሚል ዓምድ ነበር። "ጉብኝት" ብዬ ጻፍኩ። ልጁ መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበና በትሕትና "ሥራ ብንለው አይሻልም?" ሲል ጠየቀኝ። ለማን እንደሚሻል አልገለጸም።

ባለፈው ዓመት በኬንያና በኡጋንዳ ለወራት ስዞር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ኪሱ የሳሳ ተጓዥ የሚከራየው ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው፤ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ተደራራቢ አልጋ። ፓስፖርት ያያሉ፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ የሣጥን ቁልፍ ይሰጣሉ፤ በቃ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ባሌ የት እንዳለ፣ ምን እንደጠፋብኝ የሚጠይቅ የለም። ቀጣዩ ረጅም ጉዞዬ ወደ ደቡብ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በዚያው አካሄድ፣ ቦርሳ አዝዬ፣ ብቻዬን፣ በሕዝብ ማመላለሻ፣ የገዛ አገሬን ልሞክራት ብዬ ነው ጣና የመጣሁት።

ለብቻ ተጓዥ የጣና ፈተና የጀልባ ኪራይ ነው። ማምሻውን ሐይቁ ዳር ወርጄ ዋጋ ጠየቅኩ። የተነገረኝ ዋጋ የሦስት ቀን በጀቴን የሚበላ ነበር። ባለጀልባው ግን ሐቀኛ ሰው ነው፤ "ጀልባው ለአንድም ሰው ለአሥርም ያው ነው፣ ነዳጁ ሰው አይቆጥርም" አለኝ። ልክ ነው። በውጭ አገር በርካሽ ማደሪያዎች ግድግዳ ላይ "ነገ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ እሄዳለሁ፣ ወጪ የሚጋራኝ አለ?" የሚሉ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። እኛ ዘንድ ሰው ወደ ገዳም የሚሄደው ከቤተሰቡ ወይም ከማኅበሩ ጋር ስለሆነ ወረቀቱን የሚለጥፍ አይገኝም። መፍትሔው የተገኘው ከሻይ ሻጯ ነው። በማለዳ ወደ ዘጌ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ አለ፤ እሑድ ደግሞ ትልቁ መርከብ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቆንዝላን እያዳረሰ ጎርጎራ ድረስ ይዘልቃል። ዘጌ ካደርኩ መርከቡን ከዚያው መያዝ እችላለሁ፤ የመመለሻ ዋጋም አይኖርብኝም። ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9፣ ዘጌ

ቅዳሜ የባሕር ዳር የገበያ ቀን ነው። በዚህ ማለዳ ሐይቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ይገባል እንጂ ከከተማ አይወጣም፤ የእኛ ጀልባ ግማሹ ባዶ ነበር። ከፊት ለፊታችን እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጣሉ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ በአዲስ ይተካል። ከሩቅ የሚታየው የእንጨቱ ክምር ብቻ ነው፤ ቀዛፊው ብቅ የሚለው ሲቀርቡት ነው። የሞተራችን ማዕበል አንዱን ሲያናውጠው ቀዛፊው መቅዘፊያውን አንሥቶ ሾፌራችንን ከነዘር ማንዘሩ አነሣው። ሾፌሩ እጁን በሰላምታ አውለበለበ። የሚተዋወቁ ይመስለኛል።

በዘጌ በበሬ አይታረስም። አባቶች ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ምድር ታርሶ ሲራቆት ዘጌ ደን ሆና ቀርታለች፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጋር ጌሾ። ኅዳር ደግሞ የለቀማ ወቅት ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ግራና ቀኙ ቀልቷል።

ከገዳሙ በር ላይ አንድ ዲያቆን ተቀበለኝ። ቦርሳዬን አየ፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

"እንግዶችሽ ወደ ኋላ ቀሩ?"

"እንግዳዋ እኔው ነኝ።"

ይህን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእርሱ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ እርሱ በረጅም ቀጭን ዘንግ እየጠቆመ ይተርካል። እኔን የያዘኝ በላዔ ሰብእ ነው፤ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ ስለ እመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። ሥዕሉ የተሣለው በቀጥታ በግድግዳው ላይ አይደለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው። ከታች በኩል አንዱ ጠርዝ ተላቆ ነበርና ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቀይ ቀለሙ ያለቀበት ቦታ ላይ የፈትሉ ድርና ማግ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዲት ሴት የፈተለችው ጥጥ ነው ያ። የሠዓሊውም የእርሷም ስም የለም።

ማታ በአፋፍ፣ የዘጌዋ ትንሽ ከተማ፣ ማደሪያ ሳጠያይቅ ቡና የምታፈላ አንዲት እናት "እኔ ቤት ታድራለች" ብለው ክርክሩን ዘጉት። ክርክር ስል ያለ ነገር አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ቡና ሊጠጡ የተቀመጡት ሁሉ ጉዳዬን ይመረምሩ ነበር። የማን ልጅ ነሽ? እናት አባት በሕይወት አሉ? አግብተሻል? ታዲያ ማን ላከሽ? ማንም አልላከኝም፣ አገሬን ላይ ነው የመጣሁት ስል ዝም ተባባሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "ስለት አለባት፣ አታስጨንቋት" ብለው ፈረዱ። ሁሉም በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አላስተባበልኩም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ደግ ነበር።

ግቢው ውስጥ ቀይ ቡና በመሬት ላይ ተሰጥቷል። ባለቤቷ ሰፌድ አቀበሉኝና አብረን ለቀምን፤ የጠቆረውን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ። ቶሎ ተሰላቸሁ፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ጣታቸው ብቻውን ይመርጥ ነበር። ስለ ኬንያ ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማን ቤት እንዳደርኩ ማወቅ ፈለጉ። በኪራይ አልጋ አልኳቸው። "ዘመድ ሳይኖርሽ? በየቀኑ በገንዘብ?" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። በእርሳቸው ሒሳብ እኔ የተጎዳሁ ሰው ነኝ። ጠዋት የአልጋ ዋጋ ብሰጣቸው ሊቀበሉኝ እንደማይችሉ ስላወቅኩ የተፈለፈለ ቡና ሽጡልኝ አልኩ። ሸጡልኝ፤ አብዝተው በመስፈር ትርፉን መልሰው ሰጡኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 10፣ በመርከብ ላይ

መርከቡ ዘጌ ሲደርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። ጆንያ፣ የለስላሳ ሣጥን፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ አንድ አዲስ የእንጨት አልጋ፣ በአልጋው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ከነጋቢው። ዋጋው ባሕር ዳር ውስጥ ከሚበላ አንድ ጥሩ ምሳ ብዙም አይበልጥም። በርካሽ መጓዝ የሚባለው ነገር ምሥጢሩ መቆጠብ አይደለም፤ መዘግየት ነው። ጊዜ ያለው ሰው ነጋዴ፣ ገበሬና ተማሪ በሚሄዱበት ይሄዳል፣ እነርሱ የሚከፍሉትንም ይከፍላል። የሦስት ቀን ዕረፍት ብቻ ያለው ነው ጀልባ ለብቻው የሚከራየው።

ከላይኛው ወለል ላይ ከቼክ ሪፐብሊክ የመጣ አንድ ወጣት አገኘሁ። ከካይሮ ተነሥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ በመተማ የገባ ነው፤ መድረሻው ኬፕታውን ነው። ቲኬት ቆራጩ ወዲያውኑ ወደ እኔ ዞሮ የእርሱን ሒሳብ ጠየቀኝ። አስጎብኚው እንዳልሆንኩ ብነግረውም "ታዲያ ለምን አጠገቡ ተቀመጥሽ?" የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ከዚያ በኋላ መላው መርከብ ስለ እርሱ የሚጠይቀው እኔን ሆነ። ይበላል ወይ? ይቆርባል ወይ? ለምን ቀጠነ?

ልጁ ወጪውን በየቀኑ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፤ እኔም እጽፋለሁ፤ ደብተር ለደብተር ተያየን። የእኛ የኑሮ ልዩነት ያለው ከገጹ በላይ፣ ከገንዘቡ ምንጭ ላይ ነው። ጥቅምት 1 ቀን ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ እንዲረክስ ሲደረግ የእርሱ ቀናት ረዘሙ፤ የእኔ የሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ በአንድ ሌሊት አጠረ። እርሱ ካርዱን አስገብቶ ብር ያወጣል። እኔ ዶላር ለማግኘት ባንክ ሄጄ ቲኬትና ቪዛ አሳያለሁ፤ ከሞያሌ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የሚታይ የአውሮፕላን ቲኬት ከየት ይመጣል? ይህን ስነግረው በጣም አዘነልኝ። ማዘኑ ትንሽ አናደደኝ።

ደቅ ደሴት ላይ የቆምነው ዕቃ እስኪወርድ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ናት፤ ለማየት የወረደ ሰው ሳምንት ጠብቆ ነው ወደ ጎርጎራ የሚሄድ መርከብ የሚያገኘው። ለመውረድ ልቤ ተነሥቶ ነበር። በስተ ምሥራቅ ዳጋ እስጢፋኖስ በደን ተሸፍና ቀጥ ብላ ትታያለች፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈው እዚያ ነው። ለሴት አይፈቀድም። ቼኩ ይህን ሲሰማ "አንቺ አገር ሆኖ እኔ እገባለሁ፣ አንቺ አትገቢም?" አለ። ሕጉን ልሟገትለት ወይስ ልሟገተው ስወዛገብ አጠገባችን የተቀመጡ መነኩሲት "እኛስ የራሳችን አለን፣ ለምን ትደክሚያለሽ" ብለው በአማርኛ ገላገሉኝ፤ አልተረጎምኩለትም።

ማደሪያችን ቆንዝላ ነው። ከወደቡ በላይ ያሉት አልጋ ቤቶች ጭቃ ግድግዳ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ምስማር ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሌሊት ከካምፓላ የተማርኩት ነገር አለ፤ አንሶላ እንደ ጆንያ በሦስት ጎን ተሰፍቶ ውስጡ ገብቶ መተኛት። ካምፓላ ውስጥ ተሰፍቶ ሲሸጥ ዋጋው አስደነገጠኝ፤ መርካቶ አቡጀዲ ገዝቼ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ሠራልኝ። ቁንጫን ፈጽሞ ባያስቀርም ትኋንን ያዘገየዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ጎርጎራ

በማለዳ ተነሥተን ደልጊን አልፈን ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ገባን። ከባሕር ዳር እስከዚህ ሁለት ቀን። በኡጋንዳ ከእንቴቤ ወደ ሴሴ ደሴቶች በመርከብ ስሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቶብኝ ረጅም መስሎኝ ነበር። ደሴቶቹ ያሉበት ቪክቶሪያ ሐይቅ ከ68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ከ3,000 ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ። ትንሹ ሐይቅ ነው ቀስ ብሎ የሚያሻግር።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደስ የማይል ነገር ግን አየሁ። ደንቢያ ዳርቻ ስንቃረብ ውኃው አረንጓዴ ሆነ፤ እምቦጭ። ሐምራዊ አበባው የሚያምር መሆኑ ያበሳጫል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ኪሱሙ ወደብ ላይ ይኸንኑ አረም አይቼዋለሁ፤ ጀልባዎች እንደ ማሳ ውስጥ ቆመውበት። ቪክቶሪያ ላይ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው፣ ብዙ ቦታ ቀንሶ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ መጥቷል። ይህን ለአንድ የደልጊ ገበሬ ስነግረው "እኛ በእጃችን ነው የምንነቅለው" አለ፤ ከጉልበቱ በላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ቆዳው የተላላጠበትን አሳየኝ። በዚህ ዓመት ከየሥፍራው ሰው እየመጣ እየነቀለ ነው። የነቀሉትን ከዳር ሲከምሩት ዝናብ መልሶ እንዳያስገባው ራቅ አድርገው ነው የሚከምሩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ጎርጎራ

ሚካኤል ነው፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ጥቂት ነው፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም። በረጅም ጉዞ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ምንም ሳያይ መዋል አለበት፤ ልብስ ያጥባል፣ ካልሲ ይሰፋል፣ ሒሳቡን ያያል። ይህን የማያደርጉት ናቸው በሁለተኛው ወር አገር ሁሉ አንድ የሚመስላቸው። ቼኩ ግን ጎንደርን ለማየት ቸኩሎ ትናንት ማታውኑ በተገኘ መኪና ሄዷል።

አዲስ አበባ ዛሬ በጭስ ታፍናለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰው ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ይቃጠላል። ለእናቴ ስደውል ድምጿ ታፍኖ ነበር። "ጎርጎራ ማን አለሽ?" አለችኝ። እርሷም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲና ማርያም ሄድኩ። ሥዕሎቹን ያሣለቻቸው የዐፄ ፋሲለደስ እህት መላኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። ከጎርጎራ ማዶ ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት የማርያም ግምብ ፍርስራሽ አለ፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ጀልባ ለአንድም ለአሥርም ያው ነው። ስለዚህ ቀረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ከጎርጎራ በቆላ ድባ አድርጌ ጎንደር፣ ከጎንደር በሚኒባስ ባሕር ዳር። ጎንደርን ሆን ብዬ ዘለልኳት፤ በግማሽ ቀን የምትታይ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው የፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ እየታጨደ ነበር። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ አቧራ መንገዱን አልብሶታል፤ ሾፌሩ መስኮት ዝጉ ብሎ ጮኸ፣ የራሱ ግን አይዘጋም ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14፣ ባሕር ዳር

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ስለዚህ ዛሬ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ቤት ሁሉ ጢም ብሏል። ቼኩ ከጎንደር ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ በዚሁ ያልፍ ነበርና ተገናኘን። ጢስ እሳትን ሊያይ ሄዶ መመለሱ ነው፤ ቀጭን ውኃ በትልቅ ገደል ላይ አገኘ። ክረምት ካለፈ በኋላ ብዙው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚሄድ ነው፤ ሳይሄድ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝንና ካርታውን ዘረጋ። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ የማውቀው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ በአንድ ቀን እገባለሁ ብሎ እንዳያስብ፣ ዲላ ማደር እንደሚሻለው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር እንዲይዝ፣ ከሞያሌ በማርሳቢት ኢሲዮሎ የሚያደርሰው መንገድ አሁን አስፋልት ስለሆነ የጭነት መኪና ላይ ውጣ የሚለውን የድሮ ምክር እንዳይሰማ ነገርኩት። ሾፌሩ ሰዓቱን በስዋሂሊ ከነገረው ደግሞ አቆጣጠሩ እንደ እኛው ከንጋት ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሉት ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ሁሉንም ከወጪው ደብተር ጀርባ ላይ ጻፈ። የዓሣው ራስ ለእኔ ደረሰኝ፤ እርሱ እንዴት እንደሚበላ አያውቅበትም፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ሥጋ በጣቴ አውጥቼ ሳሳየው ዓይኑን ጨፈነ።

"ለኬንያ ቪዛ ስንት ከፈልሽ?" አለኝ። እርሱ በኢንተርኔት አመልክቶ 51 ዶላር ከፍሏል።

ምንም አልኩት። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም።

ደብተሩን ገልጦ የራሱን 51 ዶላር አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስለ ፓስፖርቴ ሲያዝንልኝ ነበርና ደስታዬን አልደበቅኩም። አስተናጋጇ ሒሳቡን እንደተለመደው ለእኔ አምጥታ ሰጠችኝ፤ እኔም ለእርሱ አሳለፍኩት፣ ከፈለ።